«ባሪድ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

እህቶቼ፣ አረብ አገር ስገባ ቶሎ የያዝኩት ቃል «ባሪድ» ነበር። ለእኛ የሚከብድ ቃል አይደለም። ከእኛው «ብርድ» እና «በረደ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ከሰማይ የሚወርደውን በረዶም «በረድ» ይሉታል። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «ባሪድ» ማለት ቀዝቃዛ ነው ይላችኋል። እኔም ይህን ይዤ አወቅሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ነገር ግን ሰው ቤት ውስጥ የሚነገረው ቃል መጽሐፍ ላይ ካለው ይሰፋል።

መጀመሪያ የሠራሁት ሪያድ ነው። እዚያ «በራድ» የሚሉት እንደ እኛው አገር የሻይ በራድን ነው። ማቀዝቀዣውን «ተላጃ» ይሉታል። ከዚያ ቤይሩት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ማዳም የወተት ጠርሙስ ሰጥታኝ «ሑጢ ቢልበራድ» አለችኝ። በራድ ውስጥ አድርጊው ማለቷ ነው። እኔም ወተቱን በሻይ በራድ ገልብጬ እሳት ላይ ጣድኩት። ለካ ሊባኖሶች «በራድ» የሚሉት ማቀዝቀዣውን ኖሯል!

ማዳም ወተቱ ገንፍሎ ስታይ ተናደደች። እኔ ደግሞ ደንግጬ ዝም ብዬ ቆምኩ። ያን ጊዜ «ሹ ባርዴ!» አለችኝ። እኔ «በርዶሻል ወይ?» ያለችኝ መስሎኝ «ላ፣ ማዳም፣ መኒ በርዳኔ» ብዬ መለስኩ፤ አልበረደኝም ማለቴ ነበር። የቀለድኩባት መስሏት ባሰባት።

ማታ ልብስ ሳሰጣ በጎረቤት በረንዳ የምትሠራ፣ ከእኔ ብዙ ዓመት የቆየች ሐበሻ እህት ነገሩን አስረዳችኝ። «ባርዴ» ስለ ሰው ሲነገር ነገር የማይሰማት፣ የማትደነግጥ፣ ሥራ ላይ የምትጎተት ማለት ነው። «ደማ ባሪድ» ካሉም ያው ነው፤ ደሟ ቀዝቃዛ ማለት ነው። እኛም «ቀዝቃዛ ሰው» እንል የለ? ስለዚህ ይህን ስትሰሙ ስለ አየሩ እንዳትመልሱ። «ማ ፍህምት፣ ማዳም» (አልገባኝም) በሉ። እኔን ያዳነኝ ይህ ነው፤ ዝም ማለቴ ንቀት እንዳልሆነ ማዳም የገባት ያኔ ነው።

ቃሉ ደግ ጎንም አለው። «በረድት ቀልቢ» ቢሏችሁ ልቤን አቀዘቀዝሽው ማለት ነው። ስድብ አይደለም። በሙቀት አገር ቅዝቃዜ እረፍት ስለሆነ፣ እኛ «አንጀቴን አራስሽው» እንደምንለው ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞኝ ለሚስተር «አና ሱኽኔ» አልኩት። «ሱኽን» ትኩስ ማለት ስለሆነ ትክክል የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አየት አደረገኝና ፈገግ አለ። ያቺ እህት ስነግራት ራሷን ያዘች። ሴት ስለ ራሷ «ትኩስ ነኝ» ስትል የወንድ ፍላጎት አለኝ እንዳለች ሊቆጠር ይችላል። «ሱኽን» ለምግብና ለውሃ ይሁን፤ ለራሳችሁ አትጠቀሙበት።

እንግዲህ እነዚህን በቃል ያዙ፦

ሲበርዳችሁ፦ ሊባኖስ «አና በርዳኔ»፣ ሳዑዲና ጎረቤቶቿ «አና በርዳና»።

አየሩ ሲሞቃችሁ፦ ሊባኖስ «አና ምሸውቤ»፣ ሳዑዲና ጎረቤቶቿ «አና ሐራና» («ራ» ጠብቆ ይነበባል)።

ትኩሳት ሲይዛችሁ፦ «ዒንዲ ሐራራ» («ራ» ላልቶ)፤ ሊባኖስ «መዒ ሐራራ» ይላሉ። «ሐራራ» የሰውነት ሙቀት ነው፤ ሐኪም ቤትም የሚጠይቋችሁ በዚሁ ቃል ነው።

ቃሉ ቢጠፋችሁ ግንባራችሁን በእጃችሁ ነክታችሁ «ሐራራ» በሉ። በቴርሞሜትር 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው፤ «ያልፍልኛል» ብላችሁ አትደብቁት። እኔ ቃሉን ባለማወቄ ሁለት ቀን በትኩሳት ወለል ወልውያለሁ። እናንተ ግን ዛሬውኑ ሦስቱን ቃላት ለጎረቤት እህታችሁም በበረንዳ አስተምሯት።