የውጭ ቋንቋ በዩኒቨርሲቲ መማር ለምን ይጠቅማል?

ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ የላኩ ወላጆች በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ላይ የትምህርት ክፍል ምርጫ ያስጨንቃቸዋል። ሕክምና፣ ምህንድስና ወይም ሕግ ሲባል ቤተሰቡ ይደሰታል። የውጭ ቋንቋ ሲባል ግን “ቋንቋ ተምሮ ምን ሊሆን ነው?” የሚል ጥያቄ ይነሣል። በሬ ሸጦ፣ ከጎተራው ቀንሶ ልጁን ለሚያስተምር አርሶ አደር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

ለመልሱ የቅርብ ማስረጃ የሚሆነው የውጫሌ ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ወሎ ውስጥ ውጫሌ ላይ በኢትዮጵያና በጣሊያን መካከል የተፈረመው ይህ ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፎ ነበር። በአማርኛው አንቀጽ 17 መሠረት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ፣ ከፈለጉ፣ በጣሊያን መንግሥት አማካይነት መገልገል ይችላሉ። የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ፈቃዱን ግዴታ አደረገው። ጣሊያንም በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች። የውሉ አንቀጽ 19 ሁለቱ ጽሑፎች እኩል ተቀባይነት እንዳላቸው ስለሚደነግግ ክርክሩ በወረቀት አልተቋጨም። የቃላቱ ልዩነት የጦርነቱ ብቸኛ ምክንያት ባይሆንም፣ ነገሩ የለየለት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ ነው።

ይህ ዓይነቱ አደጋ ዛሬም በተራው ሰው ደጃፍ አለ። ከገጠር ቀበሌዎች ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ። በዚያች ሀገር የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 9 መሠረት የሥራ ውል የሚጻፈው በዓረብኛ ነው፤ ከጎኑ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ቢኖርና ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው ዓረብኛው ነው። ስለዚህ የደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና የውል ዘመኑን ትክክለኛ ትርጉም የሚያስረዳ፣ የራሳችን የሆነ ዓረብኛ ዐዋቂ ማግኘት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

የግብርናውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ከመተማና ከቋራ ቆላዎች የሚሰበሰበው ሰሊጥ በአብዛኛው ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሰሊጥ ዋና ገዥዎች መካከልም ቻይናና እስራኤል ይገኙበታል። ገዥው ስለ እርጥበት መጠን፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ባዕድ ነገር ድርሻ የሚጠይቀውን በራሱ ቋንቋ ተረድቶ ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያስረዳ ባለሙያ ሲኖር፣ አምራቹ ዋጋው ለምን እንደወረደ ወይም እንደጨመረ ያውቃል። ባለሙያው ከሌለ ግን የአርሶ አደሩ ጆሮ በደላላ አፍ ላይ ይቀራል።

“ታዲያ የሦስት ወር ሥልጠና አይበቃም ወይ?” የሚል ይኖራል። አጭር ሥልጠና ሰላምታ ለመለዋወጥና ዕቃ ለመግዛት ይረዳል። ውል መመርመር፣ ሕግ መተርጎም፣ በድርድር መካከል የቃልን ክብደት መለየት ግን ዓመታት የሚጠይቅ ዕውቀት ነው። በዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሰዋስውን ከሥነ ጽሑፍ፣ ትርጉምን ከሕዝቡ ታሪክና ባህል ጋር አጣምሮ ያጠናል።

የሥራ በሩም አንድ ብቻ አይደለም። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ኅብረት በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በፖርቱጋልኛ፣ በስፓኒሽና በኪስዋሂሊ ይሠራል። ላሊበላና ጎንደር የሚመጡ ጎብኚዎችም ሁሉም እንግሊዝኛ ተናጋሪ አይደሉም።

ይሁን እንጂ ቋንቋ ብቻውን እንጀራ ላይሆን ይችላል። ሙያ የሌለው ቋንቋ ዐዋቂ የሚተረጉመውን ጉዳይ አይረዳውም፤ የሰሊጥን ደረጃ የማያውቅ ሰው ስለ ሰሊጥ የተጻፈውን ውል በትክክል ሊተረጉም አይችልም። በመሆኑም ቋንቋ የሚመርጥ ተማሪ ከንግድ፣ ከሕግ፣ ከቱሪዝም ወይም ከግብርና አንዱን አብሮ ቢይዝ ይመከራል። ከመምረጡ በፊትም ዩኒቨርሲቲው የቋንቋው መምህራንና የመለማመጃ ዕድል እንዳለው፣ በሚኖርበት አካባቢም ቋንቋው ለየትኛው ሥራ እንደሚፈለግ መጠየቅ ይኖርበታል።

ወላጆችም “ቋንቋ ተምሮ ምን ሊሆን ነው?” ከማለት ይልቅ “የትኛውን ቋንቋ፣ ከየትኛው ሙያ ጋር?” ብለው ከልጃቸው ጋር ቢመክሩ ለምርጫው የበለጠ ይረዳሉ።