የጎማ መጠን ለአገልግሎት ዘመኑና ለደኅንነት ያለው ፋይዳ

የተሽከርካሪ ጎማ በሚቀየርበት ጊዜ ከዋጋው በፊት መጠኑን ማረጋገጥ ይገባል። በጎማው ጎን 195/65 አር 15 ተብሎ ከተጻፈ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ፣ የሚገጠምበት ቸርኬ ደግሞ 15 ኢንች ነው። ከዚሁ ቀጥሎ የሚገኘው 91 ቁጥር አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል ያመለክታል።

በዋጋ ቅናሽ ምክንያት በዚያው ቸርኬ ላይ 185/60 አር 15 ቢገጠም፣ የጎማው ዙሪያ ስለሚያንስ በየኪሎ ሜትሩ 26 ያህል ተጨማሪ ዙር ይዞራል። ይህም በ10,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ ወደ 260,000 ዙር ይደርሳል፤ በመሆኑም ጥርሱ ፈጥኖ ያልቃል። የጭነት ቁጥሩ 84 ከሆነም የመሸከም አቅሙ 500 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የተጫነበት ጎማ ከመጠን በላይ ስለሚሞቅ በጉዞ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ከተፈቀደው በላይ ትልቅ የሆነ ጎማም በመታጠፊያ ላይ ከፓራፋንጎ ጋር ሊፋተግ ይችላል፤ የፍጥነት መለኪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ እንዲያሳይ ያደርጋል።

ስለሆነም ባለንብረቶች ጎማ ከመግዛታቸው በፊት በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ወይም በአሽከርካሪው በር አካባቢ በተለጠፈው መግለጫ የተመለከተውን የጎማ መጠን፣ የጭነት ቁጥርና የንፋስ ልክ እንዲያረጋግጡ ይመከራል።