ጠበቃ ለመሆን ከመፈረም በፊት

ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አትላንታ፣ አበሻ ቤት ውስጥ «ልጄ የሕግ ትምህርት ቤት ገባልኝ» የሚል ዜና ድግስ ያስደግሳል። ደስታው ተገቢ ነው። ሒሳቡ ግን ከድግሱ በፊት መሠራት ነበረበት።

በአሜሪካ ሕግ የሚጠናው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ሲሆን፣ ሦስት ዓመት ይፈጃል። አመልካቹ የኮሌጅ ውጤቱንና ከ120 እስከ 180 ነጥብ የሚያዝበትን፣ ኤልሳት የተባለውን የመግቢያ ፈተና ውጤት ይዞ ይቀርባል። ሃርቫርድና ዬል ከሚገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ170 በላይ ያመጡ ናቸው። ከ150 በታች ያመጣውን የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችም አሉ። በሩ ሰፊ መሆኑ መልካም ይመስላል፤ የጥብቅና ፈቃድ ፈተናው ግን ለማንም አይራራም፣ ፈተናውን ያላለፈም ብድሩ አይቀርለትም።

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የነበረው የሻርለት የሕግ ትምህርት ቤት ታሪክ ይህን ያሳያል። ለትርፍ የተቋቋመው ይህ ትምህርት ቤት በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በሩን ከፈተ። በኅዳር 2016 ለሕግ ትምህርት ቤቶች እውቅና የሚሰጠው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በተማሪ አቀባበሉና በትምህርቱ ጥራት ምክንያት በአመክሮ አስቀመጠው። በወሩ የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የተማሪ ብድርና ድጎማ ከለከለው። ተማሪዎቹ ዓመቱ ሳይጋመስ ገንዘቡ ተቋረጠባቸው፤ በነሐሴ 2017 ትምህርት ቤቱ ጨርሶ ተዘጋ። ማኅበሩ በ2019 ደንቡን አጠበቀ፤ የፈቃድ ፈተናውን ከወሰዱ ተመራቂዎች ቢያንስ 75 በመቶው በሁለት ዓመት ውስጥ ካላለፉ የትምህርት ቤቱ እውቅና አደጋ ላይ ይወድቃል።

በታዋቂዎቹ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር ያልፋል። ኪራይ፣ ምግብና መጽሐፍ ከዚህ ውጭ ናቸው። ከ2006 ጀምሮ ተማሪ ወጪውን በሙሉ ከፌዴራል መንግሥት መበደር ይችል ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዳዲስ የሕግ ተማሪዎች ብድሩን በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ገድቦታል። በሦስት ዓመት 150 ሺህ የተበደረ ሰው፣ ወለዱ 8 በመቶ ቢሆን፣ በወር 1 ሺህ ዶላር የሚከፍለው ለወለድ ብቻ ነው። ዋናው ዕዳ ገና አልተነካም።

ከገደቡ በላይ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከግል አበዳሪ ይመጣል። የግል አበዳሪ ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠይቃል፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ዋስ የሚሆነው ታክሲ እየነዳ ቤተሰብ የሚረዳው አባት ወይም አጎት ነው። ለመንግሥት ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ ለፈጸመ ሰው ቀሪውን ዕዳ የሚሰርዘው የፌዴራል ፕሮግራምም የግል ብድርን አይነካም።

ይበልጥ የሚያናድደው ቅድመ ሁኔታ ያለበት ስኮላርሺፕ ነው። ደብዳቤው «በየዓመቱ 30 ሺህ ዶላር» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «አማካይ ውጤትዎ ከ3.0 ካልወረደ» የሚል ይከተላል። ኮሌጅ ውስጥ 3.0 ቀላል ነበር። የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪ ግን ማርክ የሚያገኘው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እየተነጻጸረ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የክፍሉን አማካይ 2.9 ላይ ከወሰነው፣ ሁሉም ሌት ተቀን ቢያጠኑ እንኳ ብዙዎቹ ስኮላርሺፑን ማጣታቸው አይቀርም። ይህ ለታታሪ ልጅ የተዘረጋ ወጥመድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደመወዙስ? ትልልቆቹ ድርጅቶች ለጀማሪ 225 ሺህ ዶላር ይከፍላሉ። ለድሆች በነጻ የሚቆም የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ሲሶ እንኳ አያገኝም። በመካከል ያለው ጥቂት ስለሆነ «አማካይ ደመወዝ» የሚባለው ቁጥር የብዙዎቹን ኑሮ አያሳይም።

መረጃው አልተደበቀም። እውቅና ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ የፈቃድ ፈተና ውጤቱን፣ ስንት ተማሪ ስኮላርሺፕ እንዳጣና ተመራቂዎቹ በ10 ወር ውስጥ ምን ሥራ እንደያዙ በድረ ገጹ የማውጣት ግዴታ አለበት። የሥራውን ሠንጠረዥ ሲያዩ «ሥራ ያገኙ» የሚለውን ድምር ይለፉትና የጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቅ፣ የሙሉ ጊዜና ዘላቂ ሥራ የያዙትን ይቁጠሩ። ወላጅም፣ ዋስ ሊሆን ያሰበ አጎትም፣ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ይህን ሳያነብ አይፈርም።