ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ፦ ለልጆቻችን እንዴት እንንገራቸው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሦስት ቃላት ነው። ቃላቱ ትናንት፣ ዛሬ እና ነገ ናቸው። እናንተ አንብባችሁ ጽፋችኋቸዋል። ለትንንሽ ልጆቻችሁ እንዴት ታስረዷቸዋላችሁ?

የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ «ትናንት ገበያ እንሄዳለን» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። አትሳቁበት፤ አትቆጡትም። ልጁ ድንጋይን በእጁ ይይዛል፤ በግን በዓይኑ ያያል። ትናንትን ግን ማን ይዞት ያውቃል? በዚያ ላይ ቀኑ ስሙን ይለውጣል። ትናንት «ነገ» ያልነው ቀን እነሆ «ዛሬ» ሆኗል። ሲነጋ ደግሞ «ትናንት» ይባላል። ይህ ለሕፃን ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቃሉን ከሚታይና ከሚቀመስ ነገር ጋር እናያይዘው። ቡና ስታፈሉ ልጁ ከአጠገባችሁ አይጠፋም፤ ቆሎ አለና! ቶናው ሲቀዳ ጠይቁት።

«አቦሉስ?»
«ተጠጣ።»
«አሁን ምን እንጠጣለን?»
«ቶና።»
«ገና የሚመጣውስ?»
«በረካ።»

ያለፈው፣ አሁን ያለው፣ የሚመጣው፤ ሦስቱም አንድ ረከቦት ላይ ተገኙ ማለት ነው።

ሊጥም እንዲሁ ነው። እናት ስታቦካ «ዛሬ አቦካሁ፤ ከነገ ወዲያ እጋግራለሁ» ትበል። ስትጋግር ደግሞ «ከትናንት ወዲያ ያቦካሁት ይኸው» ብላ ታሳየው። ልጁ ሊጡን ያውቀዋል። ቀኑ ስሙን እንደ ለወጠም በዚያው ይገባዋል።

አማርኛችን ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «በላ» ስንል አልፏል። «እየበላ ነው» ስንል አሁን ነው። «ይበላል» ስንል ግን ዘወትር ይሁን ገና ወደፊት፣ ቃሉ ብቻውን አይለይም። ስለዚህ ለልጅ ስትናገሩ «ነገ ይበላል» ብላችሁ ቀኑን ጨምሩበት።

ቀን መቁጠርም ያስደስታቸዋል። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል፣ ማለት ከመስከረም 1 እስከ መስከረም 17፣ 16 ሌሊት ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት 16 ባቄላ ጣሳ ውስጥ አስቀምጡ። ከማግሥቱ ጀምሮ ልጁ በየጠዋቱ አንድ አንድ ያውጣ። ጣሳው ባዶ ሲሆን መስቀል ነው። «ስንት ቀን ቀረ?» እያለ የሚያደክማችሁ ልጅ ራሱ ቆጥሮ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ልጅ ሲያለቅስ ዝም ለማሰኘት «ነገ እገዛልሃለሁ» እንላለን፤ ግን አንገዛም። እንዲህ ሲደጋገም ልጁ «ነገ» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው ብሎ ይይዘዋል። ከዚህ የባሰም አለ። እኔ ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ አያቷ ሲሞቱ «ነገ ይመጣሉ» ተብላ ነበር። በየጠዋቱ «ዛሬ ነገ ነው?» እያለች ትጠይቅ ነበር። እውነቱን በለሰለሰ ድምፅ መናገር ይሻላል፦ «አያትሽ ሞተዋል። አይመለሱም። እኛ ግን አለንልሽ።» ልጅቷ ታለቅሳለች። በር በሩን እያየች ግን አትኖርም።

ልጆች የራሳቸውን ትናንት መስማትም ይወዳሉ። «አንተ ስትወለድ ዝናብ ይዘንብ ነበር» ብትሉት ሌላ ጨምሩልኝ ይላል።

እንግዲህ እርሳሳችሁን አንሡ። የልጃችሁን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ ወርና ዓመት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ቀኑን ካላወቃችሁት የክትባት ካርዱን ተመልከቱ። ካርድ ከሌለ ቡና አብረዋችሁ የሚጠጡትን ጎረቤቶች ጠይቁ። ከየትኛው በዓል በኋላ እንደ ተወለደ አንዷ ታስታውስ ይሆናል።