ሶሬክ ከመግዛታችሁ በፊት ድራይቨሩን ጠይቁ

ዛሬ ስለ ስካነር ነው የምናወራው፤ ስለ ሶሬክ። «ይሄ ደግሞ ምን ወሬ ነው» እንዳትሉኝ። ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከቤር ሼቫ፣ ራሞት ከሚኖር ፕሮግራመር ወንድማችን ነው። የአያቱንና የሰፈር ሽማግሌዎችን ወረቀት እየሰበሰበ፣ ቤተሰብ ፈልጎ የሚያገኝበት ትንሽ ሶፍትዌር እየሠራ ነው። ያገለገለ ስካነር በርካሽ ገዛ። ማሽኑ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ድራይቨሩ የተሠራው ለድሮ ዊንዶውስ፣ እሱ የሚሠራው በሊኑክስ። «ምን ልግዛ?» ይላል።

ወረቀቶቹ እኮ ቀላል አይደሉም። በ1991 ግንቦት፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ብዙው ሻንጣ እንኳ አልያዘም። በኪስ ተጣጥፋ የመጣች የትምህርት ቤት ወረቀት ሌላ ቅጂ የላትም።

ድራይቨር ምንድነው? አያታችሁን ይዛችሁ ሚስራድ ሃፕኒም ስትሄዱ እናንተ የምትሠሩት ሥራ ነው፤ ማስተርጎም። ስካነሩ የራሱን ቋንቋ ያወራል፣ ኮምፒውተሩም የራሱን። ችግሩ፣ አስተርጓሚውን የሚቀጥረው ፋብሪካው ነው። አዲስ ሞዴል ሲያወጣ የድሮውን ይተወዋል። በ2019 አፕል ማክኦኤስ ካታሊናን ሲያወጣ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ አቆመ፤ ምንም ያልተበላሹ ስካነሮች ሶፍትዌራቸው ስለማይከፈት ብቻ ዝም አሉ።

ዊንዶውስ ላይ የቆየው መንገድ ትዌይን ይባላል፣ ከ1992 ጀምሮ አለ። ይሠራል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው፦ ፕሮግራማችሁ ባለ 64 ቢት ሆኖ ድራይቨሩ ባለ 32 ከሆነ አይገናኙም። ያኔ መሃል ላይ ሌላ ትንሽ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ጽፋችሁ ታገናኟቸዋላችሁ። አድርጌዋለሁ፤ ለጠላቴም አልመኘውም። ስለዚህ ሻጩን «ትዌይን አለው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ባለ 64 ቢቱስ?» በሉት።

ሊኑክስ ላይ ሴን የሚባል ክፍት ፕሮጀክት አለ። በድረ ገጹ ላይ ሞዴሎችን አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ይሄ ሙሉ ይሠራል፣ ይሄ በከፊል፣ ይሄ ጭራሽ አይሠራም ይላል። ከሳጥኑ ላይ ማስታወቂያ ይልቅ እሱን እመኑ። የሞዴሉን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል አመሳክሩ፤ በአንዲት ፊደል የሚለዩ ሁለት ማሽኖች ውስጣቸው ሌላ ሊሆን ይችላል።

እኔ ግን ዛሬ አዲስ ብገዛ መጀመሪያ የማየው ኢ ኤስ ሲ ኤል የሚባለውን ነው፤ አፕል ኤርስካን የሚለው ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ ዕብራይስጥ የተማረች አያት ናት፣ አስተርጓሚ አትፈልግም። ስካነሩ በኔትወርክ ላይ እንደ ትንሽ ድረ ገጽ ይቀመጣል፤ በኤችቲቲፒ ትጠይቁታላችሁ፣ ምስሉን ይልክላችኋል። ማክም ሊኑክስም ያውቁታል። የሚጎድለው፣ ፋብሪካው የጨመራቸው ልዩ ነገሮች ሁልጊዜ በዚህ መንገድ አይገኙም። ለቤተሰብ ወረቀት ግን ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከድራይቨር ውጭ ቢሆንም። ወረቀት እየጎተተ የሚያስገባው ዓይነት ፈጣን ነው፣ ለሒሳብና ለደረሰኝ ጥሩ። ሠላሳ ዓመት ታጥፎ የኖረ ወረቀት ግን እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ይቀደዳል። መስታወት ያለውን ጠፍጣፋውን ግዙ። ለጽሑፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ለፎቶ 600 ይሁን። የቄሶቻችን የብራና ኦሪት ከሆነ ደግሞ መስታወት ላይም አትገልብጡት፣ ከላይ በካሜራ ይነሳ።

አንተ የራሞቱ ወንድሜ፣ የገዛኸውን ገና አትጣለው። የሞዴሉን ቁጥር ሴን ዝርዝር ውስጥ ፈልግ። ከሌለ ድሮ ዊንዶውስ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ከጓደኛ ለምን፣ ከኢንተርኔት ንቀለው፣ ለስካን ብቻ ይሁን። ምስሎቹን በፍላሽ አውጥተህ ወደ ሊኑክስህ ውሰድ። ያ እስኪሠራልህ ድረስ ጊዜ ታገኛለህ፤ ከአያትህ ወረቀት ጀምር።