ባሌስትራ ሲመረጥ መንገዱና ጭነቱ ይጠየቁ

ከጅቡቲ ወደብ የተጫነ ዕቃ በጋላፊ በኩል አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከባሕር ጠረፍም ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ መኪናውን የሚስበው ሞተሩ ነው፤ የጭነቱን ክብደት ተቀብሎ የመንገዱን ምት የሚችለው ግን በሻንሲውና በአክስሉ መካከል የተደራረበው ዝርግ ብረት፣ ማለት ባሌስትራው ነው። ነጋዴ ሞተር ሲገዛ ብዙ ሰው ያማክራል። ባሌስትራ ሲገዛ ግን ብዙውን ጊዜ ከባለሱቁ በቀር የሚጠይቀው የለም።

ነገሩ ትንሽ መስሎ እንዳይታይ የሥራውን ስፋት እናስታውስ። የቀድሞው የምድር ባቡር በ1917 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ አዲሱም የኤሌክትሪክ ባቡር በ2018 መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። ይሁን እንጂ በ1998 በተነሣው የድንበር ጦርነት ምክንያት የኢትዮጵያ ንግድ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ከዞረ ወዲህ፣ ትልቁን ሸክም የተሸከመው የጭነት መኪና ነው። ማዳበሪያውም፣ ስንዴውም፣ ብረታ ብረቱም የሚሄደው በጎማ ላይ ነው። ስለዚህ በበረሃ መካከል የተሰበረ አንድ ባሌስትራ የባለመኪናው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ዘር የሚዘራበት ወራት ሳያልፍ ማዳበሪያውን የሚጠብቀው ገበሬም ጉዳት ነው።

እንግዲህ በጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ስሟን ከ12ኛው ኪሎ ሜትር ባገኘችው በፒኬ 12፣ አንድ መኪና ባሌስትራው ተሰብሮ ቆሟል እንበል። ለባለንብረቱ ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው ፋብሪካው ባወጣው ልክ የተሠራውን መግዛት ነው፤ ሁለተኛው በነበረው ላይ አንድ ብረት መጨመር ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ «የማይሰበር» ተብሎ የሚሸጠውን ወፍራሙን መውሰድ ነው። አብዛኛው ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ሦስተኛው ነው። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ማሰብ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

የውፍረት ሒሳብ እንደ ዓይን ግምት አይደለም። የባሌስትራ ድንዳኔ የሚያድገው በብረቱ ውፍረት ሦስተኛ ርቢ ነው። በቁጥር ሲታይ፣ ቁመቱና ስፋቱ ሳይለወጥ 10 ሚሊ ሜትር የነበረው ብረት ሁሉ 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ባሌስትራው ከ70 በመቶ በላይ ይደነድናል። አሥር ብረት ባለው ባሌስትራ ላይ በዚያው ውፍረትና ቁመት አንድ ቢጨመር ግን ድንዳኔው የሚያድገው በ10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሁለት ሚሊ ሜትርና በአንድ ብረት መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

የደነደነ ባሌስትራ አይታጠፍምና ምቱን በራሱ አያስቀረውም፤ ለጎረቤቱ ያስተላልፈዋል። ይህን ለመረዳት ልጆችና ጐልማሶች በራዲዮ የሚነዱትን ትንሹን የመጫወቻ መኪና መመልከት ይበቃል። ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው የፕላስቲክ ክንድ ሲሰበርባቸው በአሉሚኒየም የሚተኩት አሉ። ከዚያ በኋላ መኪናው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ክንዱ ሳይሰበር ይቀርና ክንዱ የታሰረበት አካል ይሰነጠቃል፤ ወይም አሉሚኒየሙ ይጣመምና ተጣሞ ይቀራል። ጥሩ ናይሎን ግን ተለምጦ ይመለሳል። በመጫወቻው ላይ የሚጠፋው ጥቂት ገንዘብ ነው። በትልቁ መኪና ላይ ግን የሚሰነጠቀው ሻንሲ፣ የሚላቀቀው የባሌስትራ ማሰሪያ፣ የሚፈነዳውም ጎማ ነው፤ ባዶውን ሲመለስም መኪናው እየዘለለ ፍሬኑ መንገዱን በሚገባ አይዝም። በዚህም የሾፌሩና የመንገደኛው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ አዲሱን ከመግዛት በፊት አሮጌው ስለ ምን እንደተሰበረ መመርመር ይገባል። ስብራቱ በመካከሉ ቀዳዳ ላይ ከሆነ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው እንደ ቅንፍ የታጠፈው ቡሎን ላልቶ እንደነበረ ይጠረጠራል። በጫፉ ቀለበት ላይ ከሆነ ቦኮላው ተበልቶ እንደሆነ ይታይ። የዛገና የተቦረቦረ ከሆነም የባሕሩ ጨዋማ አየር ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ ስንጥቅ ከዝገት ጉድጓድ ይጀምራልና። በእነዚህ ምክንያቶች የተሰበረውን ወፍራም ብረት አያድነውም። ሁሉም ደኅና ሆኖ ከተሰበረ፣ የሚቀረው ጥያቄ የጭነቱ ክብደት ነው።

ምርጫው ከተወሰነ በኋላም የሚጠበቅ ሥርዓት አለ። ባሌስትራ በአንድ ወገን ብቻ አይለወጥም፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ መኪናው ያዘነብላል። የተሰበረውን በብየዳ ማያያዝ ፈጽሞ አይገባም፤ እሳቱ የብረቱን የመለመጥ ጠባይ ያጠፋዋልና። የማሰሪያው ቡሎን በአዲስ ይተካ፤ ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላም ዳግመኛ ይጥበቅ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህም ሥራ ይስማማል።

ለአስተዳዳሪዎችም የሚነገር አለ። ባለመኪናው ባሌስትራውን የሚያወፍረው ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ለመጫን ነው። ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በተደረገው ታላቅ የመንገድ ፈተና እንደታወቀው፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚያድገው በአክስሉ ጭነት አራተኛ ርቢ ገደማ ነው። ይኸውም በአክስል ላይ 20 በመቶ ትርፍ የጫነ መኪና በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ከዲኪል ወደ ጋላፊ የሚወስደውን መንገድ ጉድጓድ ለዓመታት ያዩ ሾፌሮች የዚህን ዋጋ ያውቁታል። ትርፍ ጭነት መንገዱን ይቆፍራል፤ ጉድጓዱ ባሌስትራውን ይሰብራል፤ የተሰበረው ባሌስትራ በወፍራም ይተካል፤ በወፍራሙም ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጫናል። ይህን አዙሪት የሚቆርጠው በቅንነት የሚሠራ የሚዛን ጣቢያ ነው።

ነጋዴው ደግሞ ከሚዛን ጣቢያው በፊት ራሱን መመዘን ይችላል። የመኪናውን መጽሐፍ ይዞ፣ የተሰበረውን ብረት አስለክቶ፣ በፋብሪካው ልክ የተሠራውን መግዛት ለጊዜው ያነሰ ኃይል የገዛ ያስመስለው ይሆናል። ሻንሲው ሳይሰነጠቅ፣ ጎማው ሳይፈነዳ፣ ሾፌሩም በደኅና ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ትርፉን ያገኘዋል።