ስለ ፖሊስነት ትምህርትና ስለሚያስከትለው ዕዳ

አንድ ወጣት ሕግ አስከባሪ ለመሆን አስቦ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚታየው የሥራው ክብርና የልብሱ ማዕርግ ነው። ዕዳው የሚታየው ግን ዲግሪውን ተቀብሎ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው የመክፈያ ደብዳቤ ከደጁ ሲደርስ ነው። ይህ ነገር በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በብዙ ቤተ ሰብ ላይ የሚደርስ ስለ ሆነ ሒሳቡን መመርመር የተገባ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በዚያ አገር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለው፤ ተማሪው ከቤቱ ሳይርቅ በጥቂት ገንዘብ ሁለት ዓመት የሚማርበት የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ከነዚህ ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆልዬት ከተማ የተከፈተው ነው። ፖሊስ በኮሌጅ ይማር የሚለውን ሐሳብ አስቀድመው ካስፋፉት ሰዎች አንዱ የበርክሌ ከተማ የፖሊስ አለቃ የነበሩት ኦገስት ቮልመር ናቸው። በ1967 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን የተሰየመው መርማሪ ጉባዔ ፖሊሶች ሁሉ ወደ ፊት ባለ ዲግሪ እንዲሆኑ መከረ፤ በ1968 በወጣውም ሕግ መንግሥት ለፖሊሶችና ለዚሁ ሥራ ለሚማሩ ተማሪዎች ገንዘብ ያበድር ጀመር። ያ ብድር ርኅራኄ ያለበት ነበረ፤ ተበዳሪው በሕግ አስከባሪነት አንድ ሙሉ ዓመት ባገለገለ ቍጥር የዕዳው ሩብ ይሰረዝለት ነበርና፤ አራት ዓመት ያገለገለ ሰው ነጻ ይወጣ ነበር። ይህ ሥርዓት ዛሬ የለም።

በ2024 እና በ2025 መካከል በነበረው የትምህርት ዘመን፤ በራሱ ወረዳ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚማር ሰው የሚከፍለው የትምህርት ዋጋ በዓመት በአማካይ 4,050 ዶላር ያህል ነበረ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግሥት ርዳታ በዚያው ዓመት ለድኻ ተማሪ እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ስለ ነበረ፤ ርዳታው ሙሉ በሙሉ የተፈቀደለት ተማሪ ለመምህሩ ዋጋ መበደር አያስፈልገውም ነበር። የእንዲህ ያለው ተማሪ ዕዳ የሚመጣው ከእንጀራውና ከቤት ኪራዩ ነው። በወላጆቹ የሚረዳ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፤ በሁለተኛው 6,500፤ በጠቅላላው 12,000 ዶላር ከመንግሥት ሊበደር ይችላል። ወለዱ እንደዚያ ዓመት 6.53 በመቶ ቢሆንና በዐሥር ዓመት ቢከፈል፤ በወር 136 ዶላር ያህል ሆኖ በመጨረሻው ከ16,300 ዶላር በላይ ይወጣል።

በሌላው የሚዛን ወገን ደመወዙ አለ። በ2023 ለፖሊሶችና ለወንጀል መርማሪዎች መካከለኛው የዓመት ደመወዝ ከ74,000 ዶላር በላይ፤ ለወህኒ ጠባቂዎች 53,000 ያህል፤ ለግል መሥሪያ ቤት ዘበኞች ደግሞ 37,000 ያህል ነበረ። ይህን የተመለከተ ሰው፤ በወር 136 ዶላር ለፖሊስ ምን ይከብደዋል ይል ይሆናል። ብዙዎች የሚሳሳቱትም በዚህ ላይ ነው። የፖሊሱ ደመወዝ ሁሉ የዲግሪው ፍሬ አይደለምና። በብዙ ከተሞች የፖሊስነት በር የሚከፈተው በሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ስለ ሆነ፤ ዲግሪ ያለውና የሌለው በአንድ ሰልፍ ገብተው በአንድ ደመወዝ ይጀምራሉ። የዲግሪው ፍሬ የሚባለው እንግዲህ ከዚያ በላይ የሚጨምረው ብቻ ነው። እርግጥ ነው፤ ብዙዎቹ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ከ21 ዓመት በታች የሆነውን ስለማይቀበሉ፤ በ18 ዓመቱ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ የመጠበቂያውን ጊዜ በኮሌጅ ቢያሳልፍ ያን ያህል አይጐዳም። ነገር ግን በሩጫው ፈተና ወይም በጠባይ ምርመራው ወድቆ የሱቅ ዘበኛ የሆነ ሰው፤ ዲግሪ ለማይጠየቅበት ሥራ ዐሥር ዓመት ዕዳ ሲከፍል ይኖራል።

ዲግሪው የሚጨምረው ነገር ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተ ሰቦች በሚኖሩባት በሚኒሶታ፤ ፖሊስ ለመሆን የሚሻ ሰው በአብዛኛው ቢያንስ የሁለት ዓመት ዲግሪ ይጠየቃልና፤ በዚያ ዲግሪው ራሱ በር ነው። በኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ ግን 60 የኮሌጅ ክሬዲት፤ ማለት የሁለት ዓመት ትምህርት ያህል ይጠየቅ የነበረው፤ ሰው በመጥፋቱ በ2025 ወደ 24 ዝቅ ተደረገ። ሙሉውን ለመጨረስ የተበደረ ተማሪ የጐረቤቱ ልጅ ከእኩሌታው ባነሰ ሲገባ ተመለከተ።

ከሁሉ ይልቅ የማሳቹሴትስ ነገር ያሳዝናል። በ1970 በወጣ ሕግ የሁለት ዓመት ዲግሪ ላለው ፖሊስ በደመወዙ ላይ 10 በመቶ ይጨመርለት ነበር፤ ወጪውንም ግዛቲቱና ከተማው እኩል ይካፈሉ ነበር። ገንዘብ ባጠረ ጊዜ በ2009 ግዛቲቱ ድርሻዋን ቀነሰች። በ2012 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቦስተን ከተማ የጐደለውን ድርሻ እንድትሞላ አትገደድም ብሎ ፈረደ። ሕጉን አምነው የተማሩት ፖሊሶች ጭማሪው ተቀነሰባቸው፤ ዕዳ የነበረበት ግን ዕዳው አልተቀነሰለትም።

በ2007 የወጣውም ሕግ፤ ለሕዝብ የሚያገለግል ሠራተኛ 120 ወር ከከፈለ የቀረው ይማርለታል ይላል። ንግግሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በተለመደው የዐሥር ዓመት አከፋፈል የከፈለ ሰው 120ኛው ወር ሲደርስ የሚማርለት ነገር የለውም። ምሕረቱ የሚጠቅመው እንደ ገቢው መጠን በጥቂት በጥቂቱ ለሚከፍልና ብዙ ዕዳ ላለበት ሰው ነው፤ የሁለት ዓመት ተማሪ ዕዳ ግን ጥቂት ነው።

መንግሥት ከ2019 ጀምሮ የእያንዳንዱን ኮሌጅ ዕዳና የተመራቂዎቹን ገቢ በየትምህርቱ ዐይነት ለይቶ ያወጣል። ወላጆች ከመፈረማቸው በፊት ቢያዩት ይጠቅማቸዋል። ሆኖም በዚያ መዝገብ ላይ ፖሊስ የሆነውና ዘበኛ ሆኖ የቀረው ተደባልቀው በአንድ ቍጥር ስለሚታዩ፤ ልጁ ሊያገለግልበት ወዳሰበው ከተማ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ሄዶ፤ ዲግሪ ትጠይቃላችሁን፤ ላለውስ ስንት ትጨምራላችሁ ብሎ መጠየቅ ይቀራል።